የሌሊቱ ተራኪ ጂን ሼፐርድ

የቤተ ዘመዱ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ እረኛ ማለት የሆነው አሜሪካዊው ጂን ሼፐርድ በ1921 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ ተወልዶ፣ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች በበዙበት በኢንዲያና አገር በሐመንድ ከተማ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመገናኛ ጦር ክፍል ካገለገለ በኋላ ወደ ሬድዮ ሥራ ገባ። በ1956 ዓ.ም. ደብልዩ ኦ አር በተባለው የኒውዮርክ ጣቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ብቻውን ተቀምጦ፣ የተጻፈ ወረቀት ሳይዝ፣ ስለ ልጅነቱና ስለ ወታደርነቱ ያወጋ ነበር። እንቅልፍ የራቀውና የሌሊት ተረኛ የሆነው ሁሉ ያደምጠው ነበር።

ስሙን ይልቁን ያስጠራው ግን አንድ ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው። እርሱ ራሱ እንዳወሳው፣ ወደ መጻሕፍት ሱቅ ሄዶ አንድ መጽሐፍ ቢጠይቅ፣ ሻጩ በዝርዝሩ ላይ ስላላገኘው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከቶ የለም ብሎ መለሰው። ሼፐርድ ግን መጽሐፉ መኖሩን ያውቅ ነበርና፣ በዝርዝር የሚያምኑትን ሊፈትን ፈለገ። ስለዚህ ከአድማጮቹ ጋር በሌሊት መክሮ፣ ፍሬድሪክ ዩዊንግ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጡረተኛ የደረሰው «እኔ ዋልጌው» የተባለ መጽሐፍ በየሱቁ እንዲጠየቅ አደረገ። ደራሲውም መጽሐፉም በዓለም አልነበሩም። ጠያቂው በበዛ ጊዜ ሻጮች መጽሐፉን ያፈላልጉ ጀመር፤ አንብበነዋል የሚሉም አልታጡም ይባላል። ነገሩ በዚያው ዓመት በዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ተገለጠ። ወዲያውም ባላንታይን የተባለው አሳታሚ ቴዎዶር ስተርጀን በሚባል ደራሲ አስጽፎ፣ ያልነበረውን መጽሐፍ በእውነት አሳተመው፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ተሰጠ።

ሐሰት የሚወቀስ መሆኑን እኛም አንክድም። ሆኖም ሼፐርድ አድማጮቹን አላታለለም፤ ምስጢሩን ከመጀመሪያው ያውቁታልና። የተታለለው አላውቅም ማለትን ያፈረ ሰው ነው፤ ይህም መዝገብ ይዞ ለሚፈርድ ሹም ሆነ መጽሐፍ ገልጦ ለሚያስተምር መምህር ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት የጣቢያው ሹማምንት ማስታወቂያ አያመጣልንም ብለው ሊያሰናብቱት ሲያስቡ፣ እርሱ ምንም ላልከፈለ የሳሙና ፋብሪካ በገዛ ፈቃዱ ማስታወቂያ ተናገረ። ለዚህም ከሥራ ቢወጣ፣ በአድማጮቹ ጩኸት ተመለሰ፤ በዚያም ጣቢያ እስከ 1977 ዓ.ም. ቆየ። ብዙ ሰው የሕይወት ታሪኩ የመሰለውን ወሬ ሁሉ እርሱ ልብ ወለድ ነው ይል ነበር፤ ከዚሁም ከፊሉን በ1966 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው። በ1983 ዓ.ም. ስለ አንድ ልጅ የገና በዓል በተሠራው ፊልም ላይም ታሪኩን የሚተርከው የእርሱ ድምፅ ነው።

በኦክቶበር 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዐረፈ። አድማጮቹ በየቤታቸው በቴፕ ቀድተው ስላስቀመጡት፣ ከሌሊት ንግግሩ ብዙው እስከ ዛሬ ይሰማል።