ዶክተር ዳንኤል ሄል ዊሊያምስ

ዶክተር ዳንኤል ሄል ዊሊያምስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ተወለዱ። ፀጉር አስተካካይ የነበሩት አባታቸው በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞቱ በልጅነታቸው ጫማ ሰሪ ዘንድ ሙያ እንዲማሩ ተሰጡ። ኋላም ፀጉር እያስተካከሉ ተምረው በ1883 ቺካጎ ውስጥ በሕክምና ተመረቁ።

በዚያ ዘመን የከተማይቱ ሆስፒታሎች ለጥቁር ሐኪሞች በራቸውን ስለ ዘጉ፣ ዶክተር ዊሊያምስ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት በሕሙማኑ ቤት ነበር። ኤማ ሬይኖልድስ የተባለች ጥቁር ወጣት ነርስ ለመሆን ብታመለክት በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አልቀበልም ተባለች። ወንድሟ የዶክተሩን እርዳታ ጠየቀ። እርሳቸው ግን ለአንዲት ልጅ ደጅ ከመጥናት ይልቅ አዲስ ሆስፒታል ማቋቋምን መረጡ።

ጥቁሮችም ነጮችም ገንዘብ አዋጡና በ1891 ፕሮቪደንት ሆስፒታል በ12 አልጋዎች ተከፈተ። ሐኪሞቹም ሕሙማኑም ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ጥቁር ሴቶችም ነርስነት ተማሩበት። ኤማ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች።

በሐምሌ ወር 1893 ጄምስ ኮርኒሽ የተባለ ሰው ደረቱን በጩቤ ተወግቶ መጣ። ራጅ ገና አልታወቀም፤ ለሕሙማን ደም መስጠትም አልተለመደም ነበር። ዶክተሩ ደረቱን ከፍተው የልቡን ሽፋን ሰፉ፤ ሰውየውም ድኖ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ዶክተሩን ዝነኛ ያደረጋቸው ይህ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሆስፒታሉ ባይኖር ኮርኒሽን የት ያክሙት ነበር?

በ1895 ጥቁር ሐኪሞች የራሳቸውን ማኅበር ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1913 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሲቋቋም ከመሥራች አባላቱ መካከል ብቸኛው ጥቁር እርሳቸው ነበሩ። በ1931 አረፉ።