አንቶን ደ ባሪ፦ በሽታን በሕያው ቅጠል ላይ ያሳዩ ሊቅ

እ.ኤ.አ. በ1845 የመኸሩ ወቅት ሲቃረብ በምዕራብ አውሮፓ ለምልመው የነበሩ የድንች ማሳዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁረው መሽተት ጀመሩ። ከድንች በቀር ሌላ ቀለብ ያልነበራት የአየርላንድ ድሃ ገበሬ ተራበ። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ሌላው ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። የዘመኑ ሊቃውንት ግን መንስኤውን በተመለከተ አልተስማሙም። በጠቆረው ቅጠል ሥር የሚታየው ነጭ ሻጋታ የብስባሴው ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም የሚሉት ይበዙ ነበር፤ ጥፋቱንም በእርጥቡ አየር ላይ ያሳብቡ ነበር።

ክርክሩን የቋጩት አንቶን ደ ባሪ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥር 26 ቀን 1831 ፍራንክፈርት ውስጥ ከሐኪም አባት ተወለዱ፤ በ1853 በርሊን ላይ በሕክምና ተመረቁ። ይሁንና በዚያው ዓመት ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሰው ሕመም ሳይሆን ስለ እህል ዋግና አረማሞ ነበር። ሕክምናውን ብዙም ሳይቆዩ ትተው በፍራይቡርግ የዕፀዋት መምህር ሆኑ።

የደ ባሪ ብልሃት ቀላል ይመስላል። በበሰበሰ ቅጠል ላይ ማንኛውም ሻጋታ ይበቅላልና ማን ቀድሞ እንደመጣ ከሬሳው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ጤነኛና ሕያው ቅጠል ወስደው፣ እርጥበቱን ጠብቀው፣ ከታመመ ድንች ያገኙትን የፈንገስ ዘር አሳረፉበት። ዘሩ ያልነካው ድንች በተመሳሳይ እርጥበት ውስጥ ጤናማ ሆኖ ሲቆይ የተነካው ታመመ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩም ዘሩ በውሃ ጠብታ ውስጥ ተከፍቶ ጥቃቅን ዋናተኞችን ሲለቅ፣ እነዚህም ጥቂት ዋኝተው ሲያርፉና ቀጭን ክር አብቅለው ቅጠሉን ሲወጉ ተመለከቱ። ግኝታቸውን በ1861 አሳተሙ። እርጥቡን አየር የወቀሱት ወገኖችም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ነበር፤ ውሃ ከሌለ ዋናተኞቹ የሚሄዱበት መንገድ የለም። በ1876 ደ ባሪ ፋይቶፍቶራ የሚል ስም ያወጡለት ይህ ተሕዋስ፣ ዛሬ ከእውነተኛ ፈንገሶች ተለይቶ ለውሃ አልጌዎች ይበልጥ የሚቀርብ ዘመድ ሆኖ ይመደባል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ዋግ እንግዳ ቃል አይደለም። ደ ባሪ በ1865 የስንዴ ግንድ ዋግ ሕይወቱን በሁለት ተክሎች ላይ ከፍሎ እንደሚኖር አረጋገጡ። ክረምቱን የተሻገረውን የዋግ ዘር ባርበሪ በተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ዘርተው በሽታውን አስነሱ። የአውሮፓ ገበሬዎች ይህን ቁጥቋጦ ከጥንት ጀምሮ ይጠረጥሩትና ከማሳቸው ዳር ይነቅሉት ነበር፤ ሳይንሱ ሲዘገይባቸው ኖሮ በመጨረሻ እውነታቸውን መሰከረላቸው።

ሕያው ቅጠልን የመጠቀሙ ልማድ ከዚያ ወዲህ እየረቀቀ ሄደ። ከተክሉ የተቆረጠ ቅጠል ቶሎ ቢጫ ስለሚሆን ተመራማሪዎች በእርጥብ ወረቀት ላይ ወይም በውሃ ላይ አንሳፈው፣ እርጅናውን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ጨምረው ለቀናት አረንጓዴ እንደሆነ ያቆዩታል። ጣና ሐይቅን ያስጨነቀው እንቦጭም በዚህ መንገድ ይመረመራል፦ የተቆረጠው ቅጠል በክዳን ሳህን ውስጥ በእርጥበት ተጠብቆ የትኛው ፈንገስ እንደሚያጠቃው ይታያል። ዓባይ በሚያቋርጣት ግብፅ አልተርናሪያ የተባለ የእንቦጭ ፈንገስ ተጠንቷል። የውሃ ተክል ቅጠል ግን አስቸጋሪ ነው፤ ውሃ ሲበዛበት ባክቴሪያ ቀድሞ ያበሰብሰዋል፣ ሲያንስበት ይጠወልጋል።

ደ ባሪ በ1872 ወደ ስትራስቡርግ ተዛውረው እንደ አዲስ የተደራጀው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሬክተር ሆኑ። ከሩቅ አገር ጭምር ወጣቶች ወደ ቤተ ሙከራቸው ይጎርፉ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ፒዬር ሚላርዴ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ውሁድ የወይን ተክልን ከበሽታ እንደሚጠብቅ በ1885 አሳወቀ፤ ውሁዱ ቆይቶ የድንቹንም በሽታ ለመከላከል ዋለ። መምህሩ በመንጋጋቸው ላይ በወጣ ዕጢ ታመው፣ 57ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ጥር 19 ቀን 1888 በስትራስቡርግ አረፉ።