ምኒልክ፣ አሞሌና የነገ ዋጋ

የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ዓድዋ፣ ባቡርና ስልክ ነው። ከገበያ ጋር የገጠሙት ትግል ግን ብዙም አይወሳም።

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ላይ ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋን ያዙ። በዚያን ዘመን ከመቅደላ በስተሰሜን ባለው የላስታ ደጋ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ ሰቆጣ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ደጋው አገር ይሰራጫል። ከጨው ሜዳው በተራቀ ቁጥር በአንድ ጠገራ ብር የሚመነዘረው አሞሌ ቁጥሩ ያንሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሲራራ ነጋዴው ይቆማል፤ አሞሌ ይወደዳል። በጥር አሞሌ ያበደረ ሰው በሐምሌ ሲመለስለት ምን እንደሚገዛበት አያውቅም። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ባለው ውል ላይ ለመፈረም ያመነታል።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ሲነግሡ አገሩ ክፉ ቀን ላይ ነበር። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ፣ በብዙዎች ግምት፣ ከ10 ከብት ዘጠኙን ፈጅቷል። በበሬ ለሚያርስ ደጋ ይህ ማለት ማረሻ ቆመ ማለት ነው። እህል ተወደደ፤ መቼ እንደሚረክስም የሚያውቅ አልነበረም። ነገ ይብሳል የሚል ባለእህል ዛሬ ጎተራውን አይከፍትም፤ ገዢውም ያለ የሌለውን አውጥቶ ዛሬውኑ ይሸምታል። ዋጋው ስጋት ያመጣል፣ ስጋቱ መልሶ ዋጋውን ይሰቅላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የሱቆችን ሁኔታ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ አስከፈቱ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ሰው የሚተርከው ዶማውን ነው፤ እኔ ግን ጎተራውን አስበልጣለሁ። ይሁንና የአንድ ንጉሥ ጎተራ ለአገር አይበቃም።

ቀጥሎ ወደ ገንዘቡ ዞሩ። መልካቸው ያለበት ብር ፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ታተመበት። ክብደቱ ከማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ጋር የተስተካከለ ነበር። ገበያተኛው ግን የለመደውን ጠገራ፣ የንግሥቲቱን ዘውድ ፈርጥ እየቆጠረ፣ መቀበሉን ቀጠለ። እርግጥ ጠገራውም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። ህንድ በ1885 ዓ.ም. የብር ሳንቲም ለሕዝብ በነፃ መምታቷን ካቆመች ወዲህ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ይበልጥ ወርዷል፤ የውጭ ሸቀጥ የሚያስገባ ነጋዴም ተመኑን በዚያው ልክ ማስላት ነበረበት።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌው ግን እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከገበያ አልወጡም።