ከእናቱ ጭን የወረደው ሕፃን ሐኪም፤ ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ

በሀድያና በከምባታ ምድር፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሀደሮ ገበያ ባለው አገር፣ የቤቱ ምሰሶ እንሰት ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትጋግረው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ገበያም የምትወርደው እናት ናት። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ በክፉ ቀንም ሕዝብን ከሞት ያተረፈ ጥሪት ነው። ነገር ግን በፕሮቲን እጅግ የደኸየ ምግብ ስለሆነ፣ አጠገቡ ወተት ወይም አይብ፣ ባቄላ ወይም አተር ካልቀረበ ጡት የጣለን ሕፃን ብቻውን አያሳድግም። ላሚቱ ስትነጥፍ፣ ታናሹ ሲወለድና ታላቁ ከእናቱ ጭን ሲወርድ ምን እንደሚከተል የአገሬው እናቶች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የሕፃኑ እግር ያብጣል፤ ጠጉሩ ይሳሳል፤ ቆዳው ይላጣል፤ ሣቁም ይጠፋል።

የዚህን በሽታ ስም ከእናቶች አንደበት ተቀብለው ወደ ዓለም የሕክምና መጻሕፍት ያስገቡት ዶክተር ሲስሊ ዴልፊን ዊልያምስ ናቸው። በሕይወት ሳሉ የተሟገቱለት ሐሳብ ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ በዚሁ በሀድያ ምድር በተግባር የተፈተነ በመሆኑ፣ ታሪካቸው ለኢትዮጵያ የሕፃናት ጤና ባለሙያ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። (ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲስሊ ዊልያምስ የተወለዱት ዲሴምበር 2 ቀን 1893 በጃማይካ ደሴት ነው። አባታቸው የደሴቲቱ የትምህርት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ቤተሰቡም ለብዙ ትውልድ በዚያ የኖረ የእንግሊዝ ባለርስት ወገን ነበር። አባትየው፣ ልጃቸው ገና በሕፃንነት ዕድሜ ሳሉ፣ ባል የማግኘታቸው ነገር አጠራጣሪ ስለሆነ ሐኪም ቢሆኑ እንደሚሻል ተናግረው ነበር እየተባለ በሕይወት ታሪካቸው ይወሳል። ነገሩ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር፣ ሲስሊ ግን አልረሱትም፤ ባልም ሳያገቡ ኖሩ። በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ካገኙ በኋላ ግን በጃማይካ የደረሰው የመሬት መናወጥና የአውሎ ነፋስ ጉዳት ወላጆቻቸውን ስላስቸገረ ትምህርቱን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ሶመርቪል ኮሌጅ የገቡት አባታቸው በ1916 ካረፉ በኋላ ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበርና ወንዶቹ በመዝመታቸው የሕክምና ትምህርት በር ለጥቂት ሴቶች ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው ገና በ1920 ነበር። ሲስሊ ዊልያምስ በ1923 ሐኪም ሆነው ሲወጡ ግን ዘማቾቹ ተመልሰው ስለነበር ለሴት ሐኪም ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

በለንደን ድኾች ሠፈር በሀክኒ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ያሳለፉት ጊዜ በሐሳባቸው ላይ ጥልቅ ምልክት ጣለ። ታክሞ የዳነው ሕፃን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው በሽታ ተይዞ ይመለስ ነበር። ሐኪሙ የሕፃኑን ቤት፣ የእናቱን ማድቤትና የተኛበትን መደብ ካላወቀ ሕክምናው ግማሽ ሥራ መሆኑን በዚያ ተገነዘቡ። ይህን በመጀመሪያ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነቱ ሐሳቡን ዕድሜ ልካቸውን አለመልቀቃቸው ነው።

በ1929 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት የሕክምና አገልግሎት ወደ ጎልድ ኮስት፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጋና ላካቸው። የተሰጣቸው ማዕረግ ሴት የሕክምና መኰንን የሚል ሲሆን፣ ደመወዛቸውም ከወንድ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነበር። በአክራ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን ካርድ አወጡ፤ ጤነኞቹም ሕፃናት እየመጡ እንዲታዩ አደረጉ፤ ቤት ለቤት የሚጎበኙ ሠራተኞችንም አሰማሩ። በጊዜው በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ማከም የአንዱ ክፍል፣ በሽታን መከላከል የሌላው ክፍል ሥራ ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አስገቡአቸው። ይህም ከአለቆቻቸው ጋር ላጋጠማቸው ጠብ አንዱ ምክንያት ሆነ።

በዚያ ሆስፒታል ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሚሆናቸው፣ እግራቸውና እጃቸው ያበጠ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ጠጉራቸው ወደ ቀይነት ያደላ፣ ቆዳቸው እየጠቆረ የሚላጥ ሕፃናት ይመጡላቸው ነበር። ብዙዎቹ ይሞታሉ። ሐኪሞቹ አንዳንዱን የሆድ ትል ነው፣ አንዳንዱን ፔላግራ ነው እያሉ ያልፉታል። ዶክተር ሲስሊ አስከሬኖቹን ራሳቸው እየመረመሩ፣ ጉበቱ በስብ የተሞላ መሆኑን አዩ። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን በቢላዋ ጫፍ ጣትን መቁረጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችል ነበርና ሥራው ከባድ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ከመርማሪው ጠረጴዛ ይልቅ ግን ለነገሩ ቁልፍ ያገኙት ከአገሬው ነርሶች ነው። ሰዎቹ ይህን በሽታ ምን ይሉታል ብለው ሲጠይቁ፣ በጋ ቋንቋ ክዋሺዮርኮር የሚባል መሆኑ ተነገራቸው። ትርጓሜውም ታናሹ ሲወለድ ከቦታው የሚፈናቀለው ታላቅ ሕፃን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው።

በ1933 በለንደን በሚታተመው የሕፃናት በሽታዎች መጽሔት ላይ ከበቆሎ ምግብ ጋር የተያያዘ የሕፃናት የምግብ ጉድለት በሽታ በማለት ገለጡት። ወዲያውም የፔላግራ ሊቅ የነበሩት ሂዩ ስታነስ ተነሥተው በሽታው ከፔላግራ የተለየ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። ስታነስ በኒያሳላንድ የሠሩ፣ ስማቸው የገነነ ሐኪም ነበሩ፤ ተቃዋሚያቸው ደግሞ በአንድ ቅኝ ግዛት ከተማ የምትሠራ ያልታወቀች ሴት። ዶክተር ሲስሊ ግን የፔላግራ ቁስል ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ ሲወጣ የዚህኛው ግን እንዲያ አለመሆኑን፣ የሕፃናቱም ዕድሜ የተለየ መሆኑን ዐይተው ስለነበር አልተበገሩም። በ1935 ላንሴት በተባለው መጽሔት መልስ ሲሰጡ፣ ርእሱን በቀጥታ ክዋሺዮርኮር አሉት። ከእናቶች አፍ የወጣ የአፍሪካ ቃል በዚህ ዓይነት የዓለም የሕክምና ቃል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል ሊታለፍ አይገባም። የ1933ቱ ጽሑፍ ርእስ በበቆሎ ላይ ስላተኰረ፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዐይናቸውን በእህሉ ላይ ብቻ እንዲጥሉ ደራሲዋ ራሳቸው ሳያውቁ ረድተዋል ማለት ይቻላል። በ1952 የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሳተሙት የብሮክና የኦትሬ የአፍሪካ ጥናት በሽታው በአህጉሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ ሲያሳይ፣ ዓለም ፕሮቲንን ማሳደድ ጀመረ። በ1974 ዶናልድ ማክላረን ይህን ሩጫ ታላቅ ውድቀት ብለው እስኪነቅፉት ድረስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉልበት በዚያ መንገድ ፈሰሰ። የበሽታው መነሻ ዛሬም ተሟልቶ አልታወቀም። በ2013 በማላዊ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ ቤት አድገው፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን መርምሮ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም በነገሩ እጅ እንዳላቸው አመልክቷል። የጋ እናቶች የሰጡት ስም ግን መጀመሪያውኑ ስለ እህል አልነበረም፤ ስለ ቦታ ማጣት ነበር።

ዶክተር ሲስሊ በ1936 ወደ ማላያ ተዛወሩ። በሲንጋፖር ሕክምና ሲያስተምሩና በድኾች ሠፈር ሲዘዋወሩ፣ የነርስ ልብስ የለበሱ ሴቶች የጣሳ ወተት ለመሸጥ ወደ አራሶች ቤት እየገቡ የእናት ጡት እንዲተው ሲያግባቡ ተመለከቱ። በ1939 በሲንጋፖር ሮታሪ ክበብ ፊት ቆመው ወተትና ግድያ የሚል ንግግር አደረጉ። ክበቡን በጊዜው ይመሩ የነበሩት ሰው የአንድ ታላቅ ወተት አምራች ድርጅት ኃላፊ ነበሩ፤ ተናጋሪዋ ግን ቃላቸውን አላለዘቡም። የጡት ወተት ምትክ አሻሻጥ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደንብ የጸደቀው ከዚያ ንግግር አርባ ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1981 ነው።

የጃፓን ጦር በ1941 መጨረሻ ማላያን ሲወር ሐኪሟ በትሬንጋኑ ግዛት ነበሩ። ወደ ሲንጋፖር ቢሸሹም ከተማይቱ በፌብሩዋሪ 1942 ስትወድቅ ተማርከው በቻንጊ እስር ቤት ገቡ። በዚያ ከሴቶቹ እስረኞች መሪዎች አንዷ ሆነው አገለገሉ። በ1943 የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ ለምርመራ ወስዶ፣ ከሚሞቱና ከሚሠቃዩ እስረኞች ጋር በጠባብ ስፍራ ለወራት አጐራቸው። በረኃቡ ምክንያት የያዛቸው ቤሪቤሪ እግራቸውን ስላደነዘዘው፣ ከጦርነቱ በኋላም የእግራቸው ስሜት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የምግብ ጉድለትን በሌሎች ገላ ላይ ያጠኑት ሐኪም በራሳቸው ገላ ላይ አዩት። ስለ እስር ቤቱ ሲያስታውሱ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም በካምፑ ሃያ ሕፃናት ተወልደው፣ ሃያዎቹም የእናታቸውን ጡት ጠብተው፣ ሃያዎቹም በሕይወት መትረፋቸውን ነው።

በ1948 አዲስ የተቋቋመው የዓለም የጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና ክፍል የመጀመሪያ ኃላፊ አደረጋቸው። ከ1951 እስከ 1953 ደግሞ በትውልድ አገራቸው በጃማይካ ሕፃናትን በድንገት እያስመለሰ የሚገድለውን በሽታ አጠኑ፤ ያልበሰለ አኪ የተባለ ፍሬ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በማሳነስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ በለንደን አስተማሩ፤ ከ1960 እስከ 1964 በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። በ1965 የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የጄምስ ስፔንስን ሜዳይ ሸለማቸው። እስከ እርጅናቸው ድረስ ከአገር አገር እየተዘዋወሩ አስተማሩ። አንደበታቸው ስለታም ነበር፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው የተሠሩ ታላላቅ ሆስፒታሎችን በጥርጣሬ ዐይን ይመለከቱ ነበር። ጁላይ 13 ቀን 1992 በዘጠና ስምንት ዓመታቸው በኦክስፎርድ አረፉ።

በዚያው በጃማይካ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በጆን ዋተርሎው መሪነት የተቋቋመው የምርምር ክፍል በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ገላ ምግብን እንዴት እንደሚጠቀምበት ለዓመታት መረመረ። በዚያ የተገኘው ዕውቀት፣ ኋላ ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 ለተባሉት የሕክምና ወተቶች መሠረት ሆነ። ኢትዮጵያም በበኩሏ ከስዊድን ጋር በመተባበር በ1962 የሕፃናት የምግብ ጥናት ክፍል አቋቁማ ነበር፤ ይህም በ1968 የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነ። ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ከወተት ዱቄትም ጋር የተዘጋጀው ምግብ ፋፋ ተብሎ መሰየሙ ለእናቶች ምንም ማብራሪያ የማያስፈልገው ስያሜ ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ ክዋሺዮርኮርና ማራስመስ የያዛቸውን ሕፃናት ማከም ለብዙ ዓመታት የሆስፒታል አልጋ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። እናት አንዱን ሕፃን ይዛ ሳምንታት ስትተኛ ሌሎቹ ልጆችና እንሰቱ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ፤ በዋርዱም ተላላፊ በሽታ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይሻገራል። በብዙ አገሮች ከታከሙት አራትና አምስት ሕፃናት አንዱ ይሞት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ድርቅ በደቡብ ኢትዮጵያ ከባድ ችግር ካደረሰ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ጥር 1993 ዓ.ም. በሀድያ ዞን ሌላ መንገድ ተሞከረ። ከኤፍ 100 ቅመም ተነሥቶ በኦቾሎኒ ቅቤ የተዘጋጀው፣ ውሃና እሳት የማይፈልገው የታሸገ ምግብ ለእናቲቱ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ይመረመራል፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ውጤቱን ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በ2002 ያሳተሙት፣ ዶክተር ሲስሊ ከስድሳ ሰባት ዓመት በፊት ለስታነስ መልስ በሰጡበት በዚያው በላንሴት ነው። ከተመዘገቡት 170 ሕፃናት 144ቱ ዳኑ፤ 7ቱ ሞቱ፤ 11ዱ ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ፤ 8ቱ አቋርጠው ቀሩ። ቤት ለቤት የሚሄድ ሠራተኛ ለዶክተር ሲስሊ ያስፈለጋቸው እንደ እነዚህ ስምንቱ ላሉት ሕፃናት ነበር።

በ2007 የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ባልደረቦቻቸው ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ተቀበሉት። በኢትዮጵያም ሥራው ወደ ቀበሌ ጤና ኬላ ወረደ። ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ በሜትር ትለካለች፤ ቀጥሎም አውራ ጣቷን በእግሩ ላይ ለአፍታ ተጭና፣ ጎድጉዶ የቀረ እንደሆነ ትመለከታለች። እናቲቱ ታናሹን አዝላ፣ ታላቁን እጁን ይዛ፣ የታሸገውን ምግብ በዘንቢሏ አድርጋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች።