አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ በውጭ መንግሥት መደብ ያገለገሉት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም

ዘመናዊ ሕክምና ተምረው በመመረቅ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆኑት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ የሐኪምነት ዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፉት በአገራቸው ሳይሆን በሕንድና በበርማ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ደመወዝ ነው። ይህ የሆነው አገራቸውን ለማገልገል ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተው አይደለም። በወጣትነታቸው ዘመን በኢትዮጵያ የጤና መሥሪያ ቤትም ሆነ ለሐኪም የተመደበ በጀት አልነበረም። አንድ ወጣት ሐኪም ማስረጃውን ይዞ የሚቀርብበት ቢሮ ባልተቋቋመበት አገር፣ ሙያው እንዳለ ሰውየው ሥራ ፈት ሊሆን ይችል ነበር።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲያርፉ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። ከውጊያው በኋላ በአምባው ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙትን ሕፃን ቻምበርሊን የተባሉ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ይዘዋቸው ወደ ሕንድ ሄዱ። ቻምበርሊን ሲሞቱ የትምህርት ወጪያቸውን የሸፈኑት ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን ናቸው። ሕፃኑም ከሁለቱ አሳዳጊዎች በተወሰደ ስም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። የአባታቸውን ስምም ሆነ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሳያውቁ ጎለመሱ።

የሕክምና ትምህርታቸውን በላሆር ሕክምና ኮሌጅ ተከታትለው በ1874 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በዚያ ዘመን የሕንድ የሕክምና አገልግሎት ሁለት ደረጃ ነበረው። በሕንድ ኮሌጆች የተመረቁ ወጣቶች የሚገቡት በረዳት ሐኪምነት ሲሆን፣ የበላይ መኮንንነት መደብ ግን በውድድር ፈተና የሚሞላ ነበር። ውድድሩ ለሁሉም ክፍት ነው ቢባልም ፈተናው የሚሰጠው በለንደን ብቻ ነበር። የመርከብ መሳፈሪያና በለንደን የመቆያ ገንዘብ ለሌለው ተመራቂ ሕጉ የከፈተውን በር ርቀቱ ይዘጋበታል። ይህ ዓይነቱ አሠራር በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ሆኖ በተግባር ብዙዎችን የሚያገልል የቅጥር ሥርዓት ምሳሌ ሆኖ ሊጠቀስ ይችላል።

ወጣቱ ሐኪምም ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ተጨማሪ ትምህርት በመከታተል በዚያ አገር የሚሰጠውን የሕክምና ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ተመደቡ።

የዓድዋ ድል ዜና የደረሳቸው በዚያው ሳሉ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል የኢትዮጵያን ስም በዓለም ጋዜጦች ሲያስነሣ፣ በሩቅ ምሥራቅ ያሉት ሐኪም የትውልድ አገራቸውን የመፈለግ አሳብ አደረባቸው። ፈቃድ ጠይቀው በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደረሱ። አማርኛ አይሰሙም ነበርና በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። በመቅደላ ስለጠፋው ሕፃን የሚያውቁ ዘመዶች ወሬውን ሰምተው መጡ፤ አያታቸውም በአካላቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸውም እሸቴ እንደሚባሉ ያወቁት በዚህን ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር።

በዚያ ዘመን የአገሪቱ ዘመናዊ ሕክምና በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችንና ሕሙማንን አክሟል። ከጓድሉፕ ደሴት የመጡት ዶክተር ቪታሊየንም በዐፄ ምኒልክ ሐኪምነት አገልግለዋል። በኋላም ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል (ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው) ሲከፈት በኃላፊነት የመሩት ስዊድናዊው ዶክተር ሃነር ናቸው። እነዚህ ሰዎች ያበረከቱት አገልግሎት የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚቆየው ውሉ እስካለ ወይም የላከው መንግሥት እስከፈቀደ ድረስ ስለነበር፣ በሽተኛው ቋንቋውን የሚያውቅና ነገም በቦታው የሚያገኘው ሐኪም አልነበረውም።

ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸውም ከዚህ ሁኔታ ውጭ አልነበሩም። ፈቃዳቸው ሲያበቃ ወደ በርማ ተመለሱ። ዳግመኛ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጡትም በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ተመድበው ነው። በአገራቸው መዲና ተቀምጠው ወገኖቻቸውን ሲያክሙ ቀጣሪያቸው የውጭ መንግሥት ነበር። በመካከሉ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል። ከአገራቸው ጋር ጠቅልለው የተገናኙት ግን ከበርማ አገልግሎት በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንድ ሐኪም የጉልበቱን ዘመን ሰጥቶ የጡረታ ዘመኑን ለአገሩ ማምጣቱ ለዚያ ጊዜዋ ኢትዮጵያ ቀላል ኪሳራ አልነበረም።

የቀረው ዘመናቸው ግን ከብዙዎች ሙሉ ዕድሜ የበለጠ ሥራ የታየበት ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጅተዋል። የፍልውሃን መታጠቢያ አስተዳድረዋል፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደክመዋል። በ1920 ዓ.ም. ለጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜም፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ በኒውዮርክ ጥሪ አቅርበዋል። ዕድሜያቸውን በተቀጣሪነት ያሳለፉት ሰው በዚህ ጉዞ ለአገራቸው ባለሙያ ፈላጊ ሆኑ።

የጨርጨር ገዥ ሆነው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲሾሙ አውራጃው የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ ተደርጎ ነበር። በዚያም የተማሩ ወጣቶችን አሰባስበው በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሹመኛን ለማስለመድ ጥረዋል። ሠራተኛው ከባላገሩ ላይ እየወሰደ እንዲኖር በሚተውበት ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ የአካባቢው ሰው ሁሉ ወዳጅ እንደማይሆን ግልጽ ነው። አሰበ ተፈሪ ከተማ ግን ዘመናዊ መልክ የያዘው በእርሳቸው ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ ለንደን በሚኒስትርነት ተላኩ። ፋሺስት ኢጣሊያ ሲዘምት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ገና በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ነበር። ለሰሜኑም ሆነ ለደቡቡ ጦር ግንባር የሚሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ ቁስለኛው በአብዛኛው የተማመነው ከስዊድን፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም አገሮች በመጡ የሕክምና ቡድኖች ላይ ነው። ከእንግሊዝ የመጣውን ቡድን የመሩት ዶክተር ሜሊ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕይወታቸውን አጡ። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠናቀው በጦርነቱ ዋዜማ የተመለሱት ዶክተር መላኩ በያንም ከጥቂቶቹ የአገር ልጆች አንዱ ነበሩ።

ጦርነቱ በሐኪም ወርቅነህ ቤት ላይ ያሳረፈው ጉዳት ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆነው ታግለው፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። ዛሬ ወጣት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ትልቁ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የሚጠራው በዚያው ስም ነው። አባታቸው በስደት ወደ ሕንድ ሄደው ቆይተው በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ዐረፉ።

ባረፉበት ጊዜ በኢትዮጵያ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ገና አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራቂዎችን በዕጣ ወደየክፍለ ሀገሩና ወደየክልሉ የመመደብ ልማድ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ከሁሉም ቀድሞ፣ እርሳቸው ባረፉ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚልክ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የተከፈተውም በትውልድ ከተማቸው በጎንደር ነበር።