ጊልበርት ብሪግስ

በቤቱ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ሲበቃ እስፒከሩን ይለውጥ ወይስ አምፕሊፋየሩን? ጥያቄው የጊልበርት ብሪግስን ሕይወት ያስታውሰናል።

ብሪግስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። ለብዙ ዘመን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ከቆዩ በኋላ፣ አርባ ዓመት አልፏቸው በ1932፣ በዮርክሸር ክፍለ ሀገር ኢልክሊ በነበረው ቤታቸው ምድር ቤት የመጀመሪያውን እስፒከር ሠሩ፤ ዋርፍዴል የተባለውንም ድርጅት መሠረቱ። በ1948 ያሳተሙት የእስፒከር መጽሐፍም ለተራው አድማጭ ጭምር የሚገባ ነበር።

ይሁን እንጂ እስፒከር ሠሪው አምፕሊፋየርን አልናቁም። በ1954 በለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ፣ የኳድ አምፕሊፋየር ሠሪ ከሆኑት ከፒተር ዎከር ጋር በመተባበር፣ በመድረክ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን ድምፅና የተቀረጸውን እያፈራረቁ ለሕዝብ አሰሙ። ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ቢጎድል ኀፍረቱ የሁለቱም በሆነ ነበር።

ብሪግስ በ1978 ዐረፉ። ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፦ የድምፅ መዛባት አብዛኛውን ጊዜ ከእስፒከሩ ይመነጫል፤ በእኩል ዋት 3 ዴሲቤል አብልጦ የሚያሰማ እስፒከርም የአምፕሊፋየርን ኃይል እጥፍ ከማድረግ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ጉድለት ከሌለበትና ለእስፒከሩ ከበቃ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ለእስፒከሩ ይዋል።