የጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ የሕይወት ታሪክ

በ1930ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለው ሥፍራ፣ ከህንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው በዓሉ ግርማ በይበልጥ የሚወሳው በልብ ወለድ ድርሰቶቹ ነው። እንጀራው ግን ጋዜጠኝነት ነበር። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከተማረ በኋላ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ። ተመልሶም «መነን» እና «አዲስ ሪፖርተር» መጽሔቶችን፣ በኋላም «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት መርቷል።

በሌላው ዓለም አንድ ባለጠጋ ጋዜጣ ገዝቶ ጸሐፊውን ሲጫነው፣ ጸሐፊው ወደ ሌላ ባለጠጋ በር መሄድ ይችላል። በእኛ አገር ግን በዚያ ዘመን የጋዜጣው ባለቤት፣ የማተሚያ ቤቱ ጌታ፣ ደመወዝ ከፋዩና ሳንሱር አድራጊው አንድ መንግሥት ነበር። በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢ ያለው ዕለታዊ የአማርኛ ጋዜጣ ይኸው «አዲስ ዘመን» ነበር። በዓሉም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልቆመም፤ በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ለከፍተኛ ሹመት በቅቶ ነበርና። ይህን መሸሸግ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ፣ የዘመቻውን የማስታወቂያ ሥራ እንዲመራ ወደ አሥመራ ተላከ። ጌታው የፈለገው ውዳሴ ነበር። እርሱ ግን የሹማምንቱን ከንቱነት፣ የጦርነቱን እልቂትና የዘመቻውን መክሸፍ አይቶ ተመለሰ። በጋዜጣ ሊጽፈው የማይችለውንም በልብ ወለድ መልክ ጻፈው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት በተያዘው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ባለቤቱ ሳያስተውል የራሱን ገመና አሳተመ ማለት ይቻላል። ባስተዋለ ጊዜም መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቅሞ ታገደ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ከእገዳው ያመለጡት ቅጂዎች ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ።

ከሥራ የተባረረ ጋዜጠኛ ሌላ ቀጣሪ በሌለበት አገር ወዴት ይሄዳል? በዓሉ ጥቂት ወራት ያለ ሥራ ቆየ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ከከተማው ዳርቻ በመንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

የግል ጋዜጣ እንዲቋቋም የሚፈቅደው አዋጅ የወጣው ከዚያ 8 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1985 ዓ.ም. ነው። «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ቤተ ሰቡ ግን አስከሬኑን አልተረከበም፤ መቃብሩም አልታወቀም።